የወንድሜን ጉበት ሳስታምም

ማሳከክ የጉበት ነገር ሊሆን ይችላል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ተነግሮኝ ቢሆን ያን ሁሉ ቅባት አልቀባም ነበር። ስለዚህ ጉበት የተቀየረላችሁ፣ ወይም የተቀየረለት ዘመድ ያላችሁ ሰዎች፣ ከሁሉ በፊት ይህን ያዙልኝ፤ ሽፍታ ሳይኖር መዳፋችሁንና ውስጥ እግራችሁን ካሳከካችሁ፣ ሽንታችሁ እንደ ሻይ ከጠቆረ፣ ዓይናችሁ ውስጥ ትንሽም ቢሆን ቢጫ ካያችሁ፣ ነገ እሄዳለሁ አትበሉ። ሌላም የምላችሁ አለኝ። እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

አስቴር እባላለሁ። ጄኔቭ፣ ለ ሊኞን ከሚባለው ረጅም ፎቅ ውስጥ ከባለቤቴ ከዓለሙ ጋር እኖራለሁ። እሱ ትራም ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል፤ እኔ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ልብስ አጥቢ ነበርኩ። ልጅ አልሰጠንም። ከእናቴ ልጆች የቀረኝ ታናሼ ግርማ ብቻ ነበር። ከሚስቱ ከሰላማዊትና ከሁለት ልጆቹ ጋር ቪንተርቱር ይኖር ነበር፤ ሥራው ባቡር መጠገን ነው። የእኔ ጉበት ለዓመታት በቆየብኝ ቫይረስ ተበልቶ ሲያልቅ፣ የራሱን ግማሽ ቆርጦ የሰጠኝ እሱ ነው።

ግማሽ ስላችሁ አትደንግጡ። ጉበት ሲቆረጥ መልሶ ያድጋል፤ የሰጪውም የተቀባዩም። ዙሪክ ውስጥ አንድ ሆስፒታል፣ አንድ ፎቅ ላይ ተኝተን ነበር። መራመድ በቻለ ዕለት ግሉኮሱ የተንጠለጠለበትን ዘንግ እየገፋ ክፍሌ በር ላይ ቆመና፣ “እንዴት ነው ጉበቴ? ዱለት አላደረጉትም?” አለኝ። ስፌቴን በሁለት እጄ ይዤ ሳቅሁ። “ውጣልኝ አንተ! ልትገድለኝ ነው!” አልኩት።

ከዚያ ወዲያ ሲደውል “እንዴት ነሽ?” ማለት ቀረ። “ጉበቴ እንዴት አደረ?” ነው። “ሰጥቼሽ እንዳይመስልሽ፣ አደራ ነው” ይለኛል። እኔም “አደራ በላ ነኝ፣ አልመልስም” እለዋለሁ። እንዲህ ነበርን።

ማሳከኩ የጀመረኝ በብርዱ ወራት ነው። መጀመሪያ ማሞቂያው ነው አልኩ። ቀጥሎ የልብስ ሳሙናው ነው አልኩ፤ ዓለሙ ሳሙናውን ቀየረ። አልተወኝም። የሰፈሩ ሐኪም ክንዴን አየና “ደረቅ ቆዳ ነው” ብሎ ቅባት አዘዘልኝ። ቅባቱን እንደ ሙሽራ ከራስ እስከ እግሬ ተቀባሁ። ምን ዋጋ አለው፣ ከውስጥ የሚያሳክክ ነገር ቅባት አይደርስበትም። እግሬን ከምንጣፉ ጋር እየፈተግሁ አነጋለሁ፤ ዓለሙ እንዳይነቃ ሳሎን እወጣለሁ።

አንድ ቀን ብርቄ መጣች። ብርቄ እዚያው ፎቅ ላይ፣ በሌላው መግቢያ የምትኖር ጓደኛዬ ናት። የዓይኔን ቆብ ገልብጣ አየችና “ኧረ በስመ አብ! ይሄማ የወፍ በሽታ ነው!” አለች። እኛ አገር ዓይን ቢጫ ሲሆን ወፍ ነው የምንለው መቼም። በማግስቱ በላስቲክ የተቋጠረ የሥር ዱቄት ይዛልኝ መጣች። ከአዲስ አበባ የመጣ ነው፣ አክስቴን ያዳነ ነው፣ በማር ለውሰሽ በባዶ ሆድሽ ዋጪው አለችኝ። ማሩን ሁሉ ይዛ ነው የመጣችው፣ የእኔ ደግ።

ለጨዋታ ብዬ ለግርማ በስልክ ነገርኩት። ጮኸብኝ። “እትዬ! በእኔ ጉበት ላይ ነው ያን የምትደፊው? ጣይው! እያየሁሽ ጣይው!” ቪዲዮ አስከፍቶኝ ቆሻሻው ውስጥ ስጥለው ካላየሁ አለ። ስታዩት ያስቃል። እናንተ ግን እንደ እኔ ሳቅ ብላችሁ አትለፉት፤ የተቀየረ ጉበት ላይ የማይታወቅ ሥር መዋጥ ጉበቱን መግደል ነው፣ በኋላ የዙሪኳ ሐኪሜም ይህንኑ ነው የነገረችኝ። ግርማ ዱቄቱን ካስጣለኝ በኋላ “ዓይንሽን ወደ መብራቱ አምጪው” አለ። አመጣሁት። ቀልዱን ተወ። ግርማ ቀልድ ሲተው ነው እኔ የፈራሁት። “ነገ ባቡር ትይዣለሽ። ዙሪክ ባንሆፉ ላይ እጠብቅሻለሁ” አለኝ። ባቡር ጣቢያውን እነሱ ባንሆፍ ነው የሚሉት።

ዙሪክ መጀመሪያ የጠረጠሩት ሰውነቴ ጉበቱን አልቀበልም ብሎ እንደሆነ ነው። ሰውነቴ ጉበቱን እንዳይገፋ የምውጠውን መድኃኒት ጨመሩብኝ፤ ፊቴ አበጠ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ። ከበሽታው ይልቅ ያ ነገር አሳፈረኝ። የእናቴ ልጅ ሆዱን ተቀድዶ የሰጠኝን የእኔ ሥጋ እንዴት አልፈልግም ይላል? በመርፌ ከጉበቱ ትንሽ ወስደው መረመሩ፤ እሱ አይደለም አሉ። ያን ሰሞን ብርድ ብርድ ብሎኝ አልጋው እስኪንቀሳቀስ ተንዘፈዘፍኩ፤ ትኩሳቴ ወጣ። በምስል ሲያነሡኝ ነገሩ ተገኘ።

ሐኪሟ ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ናት። ፈረንሳይኛዋ ሰባራ ቢሆንም ከእኔ ጋር በምሰማው ቋንቋ ልናገር ብላ ትታገላለች። ወረቀት ላይ ሥላ አሳየችኝ። ጉበት ሐሞት ይሠራል፤ ሐሞቱ በቀጭን ቱቦ ወደ አንጀት ይወርዳል። የግርማ ቱቦና የእኔ ቱቦ የተሰፉበት ቦታ ጠባሳ ይዞ ጠብቧል። ሐሞቱ መውጫ ሲያጣ ወደ ደም ይመለሳል፤ ማሳከኩም ቢጫውም ከዚያ ነው። ሆድ አይቀደድም፤ ካሜራ ያለው ቱቦ በአፍ ገብቶ፣ ጨጓራን አልፎ፣ የሐሞቱ በር ድረስ ይደርሳል። በዚያ ቀጭን ሽቦ ይሰደዳል፣ በትንሽ ፊኛ የጠበበው ይሰፋል፣ እንዳይዘጋም የፕላስቲክ ቱቦዎች ይቀመጡበታል። ቱቦዎቹ ስለሚደፈኑ በየሦስት ወሩ ይቀየራሉ፤ አንድ ዓመት ገደማ ይፈጃል።

ቀጠለችና “ካልተሳካ ሌላ ቀዶ ጥገና አለ። እሱም ካልሆነ ሌላ ጉበት ሊያስፈልግዎ ይችላል። ሐሞቱ ሲመረዝ ደግሞ ሰው ሊሞት ይችላል፤ ትኩሳት ሲሰማዎ ሰዓት አይቁጠሩ፣ ይምጡ” አለችኝ።

ግርማ በጀርመንኛ ቱግ አለባት። ለታመመ ሰው እንዲህ ይባላል ወይ ነው ነገሩ። እሷም ረጋ ብላ መለሰችለት። “ምን አለችህ?” አልኩት። “ሰውነቱ የእሷ ነው፣ ማወቅ አለባት አለችኝ። ጉድ እኮ ናቸው እነዚህ ሰዎች፣ ፊት ለፊት!” አለ። ተወው፣ ሰምቻለሁ አልኩት።

የመጀመሪያው ቀን ሽቦው አላለፈም። ስነቃ ጉሮሮዬ ተፍቋል፤ ግርማ አጠገቤ ነው። “ገባ?” አልኩት። “ገብቷል፣ ገብቷል፣ ተኚ” አለኝ። ትንሽ ቆይታ ሐኪሟ መጣችና እንዳልገባ፣ በሳምንቱ እንደሚሞክሩ ነገረችኝ። ዞሬ ሳየው ጣራ ጣራውን ያያል። “ውሸታም!” አልኩት። በሳምንቱ ገባ። ሽንቴ ጠራ። ማሳከኩ ቀስ እያለ ተወኝ፣ ሳልፈተግ ያደርኩበት የመጀመሪያ ቀን ዓለሙን ቀስቅሼ “ተኝቻለሁ እኮ!” አልኩት። ሰው ተኛሁ ብሎ ሰው ይቀሰቅሳል?

ከዚያ በኋላ ሕይወታችን ከሦስት ወር ሦስት ወር ሆነ። ከጄኔቭ ባቡሩን እይዛለሁ፤ ግርማ ዙሪክ ሐዲዱ ራስ ላይ ቆሞ እጁን ያውለበልባል፣ ከሥራው ፈቃድ ወስዶ። መጠበቂያው ክፍል ስንቀመጥ ምግብም ውሃም ክልክል ነው። እኔ ጾም ለምጃለሁ፣ ውሃው ነው የሚከብደኝ። እሱም አብሮኝ አይበላም፤ ሂድ ብላ ብለው “ጉበቴ እየጾመ እኔ ልብላ?” ይለኛል። ከሰመመኑ ስነቃ መጀመሪያ የማየው የእሱን ጫማ ነበር፤ እሱ ወንበሩ ላይ ተዘርግቶ ያንቀላፋል።

ከሁለተኛው ቅየራ በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ግርማ ሥራ ቦታው ላይ ወደቀ። ልቡ ነው። አልተነሣም።

ይህን እናንተ አሁን አወቃችሁ። እኔ አላወቅሁም። በዚያው ሳምንት ከቱቦዎቹ አንዱ ተደፍኖ ትኩሳት ጥሎኝ፣ ጄኔቭ ሆስፒታል ተኝቼ መድኃኒት በደም ሥሬ እየወሰድኩ ነበር። ተሰብስበው መከሩ፤ ዓለሙ፣ ሰላማዊት፣ ብርቄ፣ የንስሐ አባታችንም። አሁን ብትሰማ ትሞታለች፣ ሲሻላት ይነገራት አሉ። እኛ እንዲህ ነን። ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም።

ዓለሙ ጥቁር ልብሱን ለብሶ ሆስፒታል መጣና፣ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ሞቶ ለቀብር ልሄድ ነው አለኝ። በማግስቱ ሲመለስ ዓይኑ አብጧል። “ለባልደረባህ እንዲህ ከሆንክ ለእኔማ ምን ልትሆን ነው?” ብዬ ቀለድኩበት። ሽንት ቤት ገብቶ ቧንቧውን ከፈተ፤ ለረጅም ጊዜ ውሃው ሲወርድ እሰማለሁ።

ከዚያ ጢሙን ማሳደግ ጀመረ። ሐዘን ላይ ያለ ወንድ እንደማይላጭ ሳላውቅ ቀርቼ ነው? እናታችን ስትሞት የግርማን ጢም አይቼዋለሁ። ግን ሰው በገዛ ቤቱ ሞት አይጠረጥርም። “ምነው፣ ልትቀስስ ነው?” አልኩት። “ምላጩ ቆዳዬን እያቃጠለኝ ነው” አለኝ። አዘንኩለት። ከማሳከኩ ጊዜ የተረፈኝን ቅባት አውጥቼ ሰጠሁት። ተቀበለኝ፣ ምን ያድርግ።

ግርማ ጽፎልኝ አያውቅም፤ ድምፁን ነው የሚልክልኝ። አሁን ይጽፍልኝ ጀመር። ለሥራ ጀርመን ልከውኛል፣ ቦታው ጫጫታ ነው፣ አይዞሽ እትዬ፣ መድኃኒትሽን ዋጪ። “ምላስህን ቆረጡት እንዴ?” ብዬ በድምፅ እልካለሁ። “ሥራ በዝቶብኝ ነው እትዬ” ብሎ ይጽፋል። ሰላማዊት ነበረች፣ የሞተ ባሏን ስልክ ይዛ።

ሦስተኛው ቅየራ ላይ ባንሆፉ የቆመችው እሷ ናት፣ ብቻዋን። ግማሽ ሆናለች። “ምነው ከሳሽ?” አልኳት። “ሥራ” አለች። ቪንተርቱር ልጆቹን አይቼ ልመለስ ብል፣ ጉንፋን ይዟቸዋል አለችኝ። የእኔ መድኃኒት የሰውነት መከላከያን ስለሚያዳክም የታመመ ልጅ አጠገብ መድረስ አልችልም፤ ታውቃለች። መጠበቂያው ክፍል እጄን ይዛ አልለቅ አለች። እኔ ደግሞ ሆዴን የሞላውን ዘረገፍኩላት። “ወንድሜ ረሳኝ፣ ሰላም። ምን አድርጌው ነው? ጉበቱን ሰጥቶኝ ፊቱን ይነሣኝ?” አልኳት። ተነሥታ ወጣች። ሳትመለስ ነርሷ ጠራችኝ። የዚያን ቀን ስነቃ ያ ጫማ አልነበረም።

የመጨረሻው ቀን ዓለሙ አብሮኝ ሄደ። ቱቦዎቹ በሙሉ ወጡ። ሐኪሟ ምስሉን አሳየችኝ፤ መንገዱ ክፍት ነው፣ ሐሞቱ በራሱ ይወርዳል፣ የደሙ ምርመራም ጥሩ ነው አለች። ሳቀችም፣ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ዓለሙ ግን ግድግዳውን ተደግፎ ተንሰቀሰቀ። ደስታ መሰለኝ። በባቡሩ ላይ ስልኬን አውጥቼ ለግርማ ድምፅ ላክሁ። “አንተ! ወጣ! ሁሉም ወጣ! ጉበትህ ንጹሕ ነው፣ የእግዚአብሔር ያለህ! አሁንማ ጀርመን በቃህ። እሑድ እመጣለሁ፣ በሩን ባትከፍትልኝ ሰብሬው ነው የምገባው!”

መልስ አልመጣም። ሰላማዊት ድምፁን የከፈተችው ወጥ ቤቷ ቆማ ነበር። ልጆቹም ሰሙት። ለዓለሙ ደውላ፣ “ከዚህ በላይ አልችልም። ንገሯት” አለችው።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ደወሉ ጮኸ። ሳይነጋ ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ለምን እንደሚመጣ የማያውቅ አበሻ የለም። በሩን ስከፍት አባ፣ ብርቄ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ዞሬ ዓለሙን አየሁት። ጢሙን ያየሁት ያኔ ነው።

“ግርማ ነው?” አልኩ።

አባ መስቀላቸውን ይዘው አንገታቸውን ደፉ።

“መቼ?”

“ቆየ፣ ልጄ።”

“አርባውስ?”

“ወጥቷል” አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የሆንኩትን እነሱ ናቸው የሚያውቁት። ከታች የምትኖረው ፖርቱጋላዊት አሮጊት ስለ ጩኸቱ ልትቆጣ ወጥታ ነበር። በሩ ላይ ቆማ አየችኝ፤ ከዚያ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ገባችና መሬት አጠገቤ ተቀመጠች። ያን ቀን ያልዋሸኝ ሰው እሷ ብቻ ናት መሰለኝ፣ ከእሷ ትከሻ ላይ አልነሣም አልኩ።

ለዓለሙ “አብረኸኝ እየተኛህ?” ብቻ ነው ያልኩት። ከዚያ ለብዙ ጊዜ አላናገርኩትም። ያበስላል፣ ያቀርባል፣ እበላለሁ፤ አንድ ቃል የለም። ዛሬም ሙሉ በሙሉ ይቅር ብዬዋለሁ ብል እዋሻለሁ።

ቪንተርቱር የሄድኩት ልሳደብ ነው። መንገዱን ሙሉ ቃል ሳዘጋጅ ነበር። መጀመሪያ መቃብሩን አየሁ። አፈሩ ረግቷል፣ የተተከለው አበባ ሥር ይዟል፣ አንድ ዙርም አብቦ ረግፏል። ሰው ሁሉ አልቅሶ ሲጨርስ እኔ ብቻዬን ልጀምር ነው። ማን ያጫውተኝ? ማን ሙሾ ያውጣልኝ? ሳጥኑን አላየሁ፣ አፈር አላለበስኩት። በእኔ ቤት ባለፈው ሳምንት እኮ ሕያው ነበር፣ በር እሰብርብሃለሁ ብዬዋለሁ።

ሰላማዊት በሩን ከፈተች። “የወንድሜን ሞት ከእኔ? አንቺ ማነሽ?” አልኳት። የቀረው ስድብ ጠፋብኝ።

“ሐሞትሽ ተመርዞ ተኝተሽ ነበር እትዬ” አለች። “ካለቀሰች፣ ካልበላች፣ ጉበቱ ይቆጣል አልን። ግርማን ቀብሬ መጣሁ። ያቺን የቀረችውን ደግሞ…” አልጨረሰችውም። መጥታ እጇን በቀኝ ጎኔ፣ ከጎድኔ በታች አኖረችው። ልብሴ ላይ ነው፣ ግን ዓይኗን ጨፍና አቆየችው። ሚስቱ ናት። አልከለከልኳትም። በዚያው ቆመን ተላቀስን፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት እስኪመጡ።

ቆይቼ እነግራችኋለሁ ያልኩት ይህን ነው። እነዚያ ፊት ለፊት የሚናገሩ ሰዎች ልትሞቺ ትችያለሽ ሲሉኝ አልሞትኩም። የእኔ ሰዎች ግን በፍቅር ብለው የወንድሜን ቀብር ወሰዱብኝ፤ እሱን የሚመልስ ሐኪም የለም። የታመመ ሰው አላችሁ? ንገሩት። አጠገቡ ተቀመጡና ንገሩት።

እኔ ዛሬ ደህና ነኝ። ማሳከክ የለም፣ ትኩሳት የለም፣ ክኒኔን ጠዋትና ማታ እውጣለሁ። ባለፈው ለክትትል ዙሪክ ስሄድ ሐኪሟን ሁለት ነገር ጠየቅኋት። ግርማ የሞተው ጉበቱን ስለሰጠኝ ነው ወይ አልኳት። የእሱን መዝገብ እንደተመለከቱት፣ ልቡ እንደሆነና ጉበቱ ሞልቶ አድጎ እንደነበር ቀስ ብላ አስረዳችኝ። በሁለተኛው ጥያቄ ግን ግራ ተጋባች፤ ደግሜ ጠየቅኋት። ያኔ ነግረውኝ፣ አልቅሼ ቢሆን፣ ጉበቱ ይጎዳ ነበር?

“ማልቀስ?” አለች። “ማልቀስ እኮ ጉበትን አይጎዳም።”